አንድ ጠቅታ፣ ብዙ ውሳኔ፦ ድረ ገጽ የተጠቃሚውን እጅ እንዴት ያዳምጣል?

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1994 በአትላንታ የጆርጂያ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ላራ ካትሌጅ እና ጄምስ ፒትኮው ሰዎች በድረ ገጽ ላይ ምን እንደሚያደርጉ ለማወቅ ተነሡ። ኤክስሞዛይክ የተባለውን ማሰሻ አሻሽለው የ107 ተጠቃሚዎችን እንቅስቃሴ ለሦስት ሳምንታት መዘገቡ። ከአሰሳ ትእዛዞች ማስፈንጠሪያን መጫን 52 በመቶ፣ ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ 41 በመቶ ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ ድረ ገጹ ራሱ ያዳምጣል። ለዚህ በር የከፈተው ብሬንደን አይክ በ1995 ለኔትስኬፕ የፈጠረው ጃቫስክሪፕት ነው። ተጠቃሚው በነካ ወይም በጻፈ ቁጥር ማሰሻው «ክስተት» ያውጃል፤ የትኛውን ክስተት፣ የት ሆኖ ማዳመጥ እንደሚገባ የሚወስነው ግን የኮዱ ጸሐፊ ነው።

ምርጫው በተለይ ለአማርኛ ጸሐፊ ትርጉም አለው። በድምፅ ላይ በተመሠረተው የአጻጻፍ ስልት «ሰ»ን ለማግኘት በአብዛኛው ሁለት ቁልፎች ይነካሉ፤ መጀመሪያ «ስ» ይታያል፣ ቀጥሎ ወደ «ሰ» ይለወጣል። የቁልፍ መጫንን ብቻ የሚያዳምጥ ኮድ ሁለት ንክኪ ያያል እንጂ አንድ ፊደል አያይም። በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ደግሞ በቁልፉ መለያ ፋንታ 229 የሚል የወል ቁጥር ይደርሰዋል። ስለዚህ የላቲን ቁልፎችን ብቻ እንዲቀበል የተጻፈ የስም መሙያ ሣጥን የአማርኛ ስምን ሊያግድ ይችላል። የተሻለው መንገድ የሣጥኑ ይዘት መለወጡን የሚያበስረውን «ኢንፑት» የተባለ ክስተት ማዳመጥ ነው። ጽሑፉ በጣት ቢጻፍ፣ ተቀድቶ ቢለጠፍ ወይም በድምፅ ቢነገር ለውጡ ይደርሰዋል።

ለአዝራርም እንዲሁ ነው። የመዳፊትን መጫን ብቻ የሚጠብቅ ኮድ በቁልፍ ሰሌዳ የሚሠራውን ሰው ይረሳል። በትክክለኛ የአዝራር መለያ ላይ «ክሊክ»ን ማዳመጥ ግን መዳፊት ለያዘውም፣ ስልኩን በጣቱ ለሚነካውም፣ የኢንተር ቁልፍን ለሚጫነውም፣ በስክሪን አንባቢ ለሚጠቀም ዐይነ ስውርም ያገለግላል።

ሌላው ውሳኔ አድማጩ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። 500 ረድፍ ባለው ሠንጠረዥ ለእያንዳንዱ ረድፍ አድማጭ ከማቆም አንዱን በሠንጠረዡ ላይ ማኖር ይበቃል። ክሊክ ከተነካው ክፍል ተነሥቶ ወደ ያዡ ክፍል ስለሚወጣ አድማጩ ምንጩን መለየት ይችላል፤ በኋላ የሚጨመሩ ረድፎችም ያለ ተጨማሪ ኮድ ይሠራሉ። ይሁንና ሁሉም ክስተት እንዲህ አይወጣም፤ ለምሳሌ «ፎከስ» በተነካው ክፍል ላይ ይቀራል።

አንድ ቅጽ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት በስልክ የአማርኛ ስም ጽፎ መሞከር፣ ከዚያም መዳፊቱን ነቅሎ በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ እስከ መጨረሻው መሙላት ስሕተቱን ቀድሞ ያሳያል።