ጨርቋ

ሰኔ ውስጥ፣ የፈተና ሳምንት ነበር። የልጅ ልጄን ትምህርት ቤት ለማድረስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጣን። ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና አላባራም። መኪናዬ የ1981 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ብዙዎቻችሁ ዲኤክስ የምትሏት። ትንሽ እንደሄድን የፊት መስታወቷ በትንፋሻችን ጉም ለበሰ። ልጁ እንደ ልማዱ ጨርቋን አንስቶ በፊቴ በኩል ወለወለልኝ።

ጃንጥላ ይዛ የምትሻገረውን ሴት ያየኋት እጁን ከመስታወቱ ሲያነሳ ነው። ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ ተንሸራትታ ሴትየዋ ጋ ለመድረስ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ሴትየዋ ምንም አልተናገረችም። ልጁን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ሄደች።

ማታ ልጁ ለእናቱ ነገራት። ልጄም «አባዬ፣ ይህቺ መኪና እስክትሠራ ድረስ ልጄን አታደርስልኝም» አለችኝ። ስንት ዓመት መኪና የነዳሁ ሰው እንዴት እንዲህ እባላለሁ ብዬ ተቆጣሁ። እውነቱ ግን የማሞቂያዋ ዲናሞ ከቆመ ሁለት ክረምት አልፎታል። እኔ ያደረግሁት ጨርቅ መግዛት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ማሞቂያ ምን ይሠራል የምንል ብዙ ነን። ማሞቂያ ግን እግር ለማሞቅ ብቻ አይደለም። የትንፋሻችን እርጥበት ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ሲያርፍ ውሃ ይሆናል። ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ ውሃ ዳሽቦርዱ ውስጥ ባለች ትንሽ ራዲያተር ያልፋል፤ ዲናሞዋ የምታዞረው ፋን አየሩን በዚያች ራዲያተር በኩል ገፍቶ ወደ መስታወቱ ይልካል። የሞቀው አየር ጉሙን ያደርቀዋል። ዲናሞዋ ከቆመች ሙቀቱ እዚያው ይቀራል።

ቅዳሜ ዕለት ከልጅ ልጄ ጋር ሥራ ጀመርን። መጀመሪያ ፊውዙን አየን፤ ደህና ነው። ማብሪያውን በሁሉም ፍጥነት ሞከርን፤ ዝም። በከፍተኛው ፍጥነት ብቻ ብትሠራ ኖሮ ጥፋቱን ሬዚስተሩ ላይ እንፈልግ ነበር። የዲናሞዋን ሶኬት ነቅለን በመሞከሪያ አምፖል ስናየው በራ። ኤሌክትሪኩ ይደርሳል ማለት ነው። መልሰን ሰክተን ዲናሞዋን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብዬ መታ መታ ሳደርጋት ግማሽ ዙር ዞራ ቆመች። ካርቦኗ አልቋል።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታን። ከተሳፋሪው ፊት ያለውን የዳሽቦርድ ኪስ አወጣን፤ ዲናሞዋ ከጀርባው ናት። ስትወርድ ፋኗ በደረቀ ቅጠል ተሞልታ ነበር።

ከሶማሌ ተራ ያገለገለች ዲናሞ ገዛን፤ ሻጩ ባትሪ ላይ ሰክቶ ሲያዞራት አይተን ነው የከፈልነው። ሶኬቷ ከእኛዋ ስላልገጠመ ሽቦውን ራሴ ቀጥዬ በናስትሮ ጠቀለልኩት። ስናስነሳት ዞረች። ደስ ብሎኝ ዕቃ መሰብሰብ ጀመርኩ።

ልጁ ግን እጁን አየር መውጫው ላይ አድርጎ፣ «አባባ፣ ሻጩ ጋ እኮ ከዚህ በላይ ትነፋ ነበር» አለ።

እውነቱን ነው። ሽቦውን አገላብጬ ቀጥዬዋለሁ። እንዲህ ያለች ከበሮ መሰል ፋን ወደ ኋላ ብትዞርም አየሩን የምትገፋው ወደዚያው ወደ መውጫው ነው፤ ጉልበቷ ግን ይደክማል። ስለዚህ ነገሩ የተስተካከለ ይመስላል። ባትሪውን እንደገና ፈትተን ሽቦውን አዟዟርን። አሁን የልጁ ፀጉር ተበተነ።

ሰኞም ዘነበ። ልጄ «እኔም አብሬ እሄዳለሁ» ብላ ከኋላ ተቀመጠች። ሞተሩ እስኪሞቅ ቆመን ጠበቅን። ጉሙ ከመስታወቱ ሥር ጀምሮ ወደ ላይ እየሳሳ ሄደ። ማንም አልወለወለም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ፣ «ነገ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይጠብቅሃል» አለችኝ።

እኩዮቼ፣ መኪናችሁ ውስጥ እንዲህ ያለች ጨርቅ ካለች ማን እየወለወለላችሁ እንደሆነ እዩ። እኔ ሁለት ክረምት ሙሉ የራሴን ዓይን ሥራ ለአንድ ሕፃን ሰጥቼ ነበር፤ ያስጠገንኩትም ሰው ልገጭ ከደረስኩ በኋላ ነው። ጨርቋ አሁን የሞተር ዘይት መለኪያ መጥረጊያ ሆናለች።