ቅሪተ አካል በጌም ውስጥና በአምስት ኪሎ

የጃፓኑ ኒንቴንዶ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ባወጣው «አኒማል ክሮሲንግ፦ ኒው ሆራይዘንስ» በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ተጫዋቹ አካፋ ይዞ ደሴት ላይ ይዞራል። የኮከብ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ መሬቱ ላይ ካየ ይቆፍርና ቅሪተ አካል ያወጣል። ያወጣውን የሙዚየሙ ኃላፊ ለሆነው ብላዘርስ ለሚባል ጉጉት ያሳየዋል፤ ጉጉቱም የምን እንስሳ እንደሆነ እዚያው ይነግረዋል። ከሚወጡት ውስጥ የዳይኖሰር አጥንት አለ፤ የአውስትራሎፒተከስ የራስ ቅልም አለ። አውስትራሎፒተከስ ደግሞ የእኛዋ ድንቅነሽ (ሉሲ) የምትመደብበት ወገን ነው።

ጌም ጊዜ ከማባከን በቀር ምንም አይፈይድም የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። አንድ ልጅ አስተማሪ ሳይጎተጉተው የጥንት እንስሳትን ስም በቃሉ ከያዘ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ የቺካጎውን ፊልድ ሙዚየም ባዘጋው ጊዜ የሙዚየሙ ባለሙያዎች በዚሁ ጌም ውስጥ ያለውን ሙዚየም በቪዲዮ እየዞሩ ለተመልካች አብራርተዋል።

ጌሙ የሚዘለው ግን ዋናውን ነገር ነው፤ «እንዴት ታወቀ?» የሚለውን። ጉጉቱ መልሱን ይሰጣል እንጂ መንገዱን አያሳይም። ቅሪተ አካሏ ከዲኪካ የተገኘውን ሕፃን ሰላምን እንውሰድ። ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በ1993 ዓ.ም. ስትገኝ አብዛኛው አጥንቷ እንደ ሲሚንቶ በጠነከረ አሸዋማ ድንጋይ ውስጥ ነበር። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ፕሮፌሰር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ አሸዋውን ቅንጣት በቅንጣት ሲያነሳ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ግኝቱ ለዓለም የተነገረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናት እንደሞተች የታወቀውም መንጋጋዋ በራጅ ሲታይ ገና ያልወጡ ጥርሶች ውስጡ ስለተገኙ ነው።

እንግዲህ አዲስ አበባ ያላችሁ ልጁን ይዛችሁ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ግቡ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችውን ድንቅነሽን ታገኛላችሁ። ለእይታ የቀረበው ቅጂ ነው፤ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጧል። ይህ ቅር አያሰኛችሁ፤ የምንፈልገው ቅርጹን ነውና። የግራ ጭን አጥንቷን አስተውሉ። ከዳሌዋ ተነስቶ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። አሁን ልጁን ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርጉት። የእሱም ጭን እንዲሁ ነው፤ ዳሌው ሰፋ፣ ጉልበቶቹ ቀረብ ያሉ ናቸው። በዚህ የተነሳ አንድ እግሩን ሲያነሳ ሌላው በቀጥታ ከሰውነቱ ክብደት ሥር ይሆንለታል። የቺምፓንዚ ጭን ግን ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ፣ በሁለት እግሩ ሲሄድ ወደ ጎንና ጎን ይወዛወዛል። ድንቅነሽ ቆማ ትሄድ እንደነበር ከሚያስረዱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

3.2 ሚሊዮን ገደማ የሚለው ዕድሜዋስ? አጥንቷን በመመርመር አልተገኘም። በሐዳር የደለል ንብርብሮች መሐል የእሳተ ገሞራ አመድ አለ። አመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። አለቱ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን እዚያው ታምቆ ይቀራል። ስለዚህ የተጠራቀመው አርጎን ሲለካ አመዱ መቼ እንደወረደ ይታወቃል፤ ከአመዱ ጎን ያለው አጥንት ዕድሜም ከዚያ ይሰላል።

ጌም የሚያሳስትበትም አለ። በፖኬሞን አንድ እንስሳ በቅጽበት ተለውጦ ሌላ ሲሆን «ዝግመተ ለውጥ» ይባላል። በተፈጥሮ ግን የሚለወጠው አንድ ግለሰብ ሳይሆን በብዙ ሺህ ትውልዶች ውስጥ የሚያልፍ መንጋ ነው። ይህን ለልጁ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል።

ከአገር ውጭ ላላችሁም መንገድ አለ። በ2008 ዓ.ም. የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የድንቅነሽን የትከሻና የጉልበት አጥንቶች ባለ ሦስት ገጽታ የኮምፒውተር ፋይሎች፣ በኢትዮጵያ ፈቃድ፣ ለሕዝብ ክፍት አድርገዋል። በጌም ዕቃ ማገላበጥ የለመደ ልጅ የድንቅነሽን ጉልበት በዚያው እጁ ያገላብጣል። ተመራማሪዎቹ አጥንቶቿ ላይ ካዩት ስንጥቅ ተነስተው ድንቅነሽ ከዛፍ ወድቃ ሳትሞት አልቀረችም ብለዋል። ያገኛት ዶናልድ ጆሃንሰን ግን ስንጥቁ ከሞተች በኋላም ሊመጣ ይችላል ብሎ ተቃውሟቸዋል። ሁለቱንም ወገን ለልጃችሁ ንገሩትና የትኛው እንዳሳመነው፣ ለምንስ እንዳሳመነው ጠይቁት።