ባሕሩ ሲሸሽ የሚገለጠው የሲያትል ዳርቻ

የእኛ ሰው ሲያትል ገብቶ ሥራና ቤት ከያዘ በኋላ ባሕር ዳር የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ እንግዳ ሲመጣበት ነው። አልካይ በተባለው ዳርቻ ላይ ፎቶ ይነሣል፣ ነፋሱን ይቀበላል፣ ይመለሳል። ጣናን ወይም ሐዋሳን እያየ ላደገ ሰው ውሃ ቢሞላም ቢጎድልም በወራት ነው። ሲያትል ያለችበት የባሕር ወሽመጥ፣ የፒዩጀት ሳውንድ ውሃ ግን በአብዛኛው በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በቀኑ ከፍተኛና ዝቅተኛ ውሃ መካከል ያለው ልዩነት ሲያትል ላይ በአማካይ ከ3 ሜትር ይበልጣል። ጠዋት በደረቁ የሄዱበት አሸዋ ማታ ከቁመትዎ በላይ በሆነ ውሃ ሊሸፈን ይችላል።

ይህን የምታደርገው በዋናነት ጨረቃ ናት፤ በስበቷ ውቅያኖሱን ትጎትታለች። ፀሐይም ታግዛታለች። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ሁለቱ በአንድ መስመር ስለሚስቡ ውሃው ከወትሮው ይበልጥ ይሞላል፣ ከወትሮውም ይበልጥ ይሸሻል። ጨረቃ ምድርን ስለምትዞር የሙላቱና የጉድለቱ ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ ሰዓቱን ሳያጣራ በዘፈቀደ ወደ ባሕሩ የሚወጣ ሰው ትልቁን ጉድለት ሳያየው ሊቀር ይችላል።

መፍትሔው የታይድ፣ ማለትም የባሕር ሙላትና ጉድለት፣ ሠንጠረዥ ነው፤ በስልክ በነፃ ይገኛል። ሰዓቱንና የውሃውን ከፍታ በጫማ ይነግርዎታል። ዜሮ ማለት የየቀኑ ዝቅተኛ ውሃ አማካይ ነው። የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁጥር ይፈልጉ፤ ከዜሮ በታች ሁለት ጫማና ከዚያም የወረደ ከሆነ የሥራ ሰዓት ቢቀየርለትም አያስቆጭም። እነዚህ ትላልቅ ጉድለቶች ከግንቦት እስከ ሐምሌ በቀን ብርሃን ይውላሉ፤ በታኅሣሥ ግን በሌሊት ናቸው።

ውሃው ዝቅ በሚልበት በዚያ ሰዓት ከአልካይ ፖይንት በስተደቡብ ወዳለው ድንጋያማ ዳርቻ ይውረዱ። ወይን ጠጅና ብርቱካናማ የባሕር ኮከቦች ድንጋይ ላይ ተጣብቀው ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የተዛመተ በሽታ እጅግ ብዙዎቹን ስለጨረሰ እያንዳንዷ በክብር ልትታይ ይገባታል። አሸዋው ላይ የተጣለ የላስቲክ አንገትጌ የመሰለ ነገር ካዩ ቆሻሻ ነው ብለው አያንሡት፤ የጨረቃ ቀንድ አውጣ እንቁላሎቿን ከአሸዋ ጋር አጣብቃ የሠራችው ነው። በውስጡ በሺህ የሚቆጠሩ ሽሎች ይኖራሉ።

የሲያትል አኳሪየም በጎ ፈቃደኞች በበጋው ዝቅተኛ ውሃ ቀናት በከተማው ዳርቻዎች ተገኝተው ለመጣ ሁሉ ያስረዳሉ። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብለው አይሸማቀቁ፤ በጣት አመልክቶ መጠየቅ ይበቃል። ልጆች ደግሞ ያስተረጉሙልዎታል፤ እነርሱን ይዞ መሄዱ ነው ትልቁ ትርፍ።

ጥንቃቄም አለው። በባዶ ድንጋይ ወይም በአሸዋ ላይ ይርገጡ፣ የገለበጡትን ድንጋይ ቀስ ብለው ይመልሱ፣ ሕይወት ያለውን ነገር ወደ ቤት አይውሰዱ። ክላምና ኦይስተር የሚባሉትን የሚበሉ ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳት ለመልቀም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የክፍለ ግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት ዳርቻው ክፍት መሆኑን የሚያሳይበትን ካርታም አስቀድመው ይመልከቱ። ከአልጌ መጥቶ በእነርሱ ውስጥ የሚከማቸው መርዝ ቢቀቀልም ቢጠበስም አይጠፋም። ወደ ፓስፊክ ዳርቻ፣ ወደ ሪያልቶ ወይም ሩቢ ቢች ከሄዱ ደግሞ ሠንጠረዡ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሲሞላ መመለሻ መንገድ ይዘጋል፤ ማዕበሉ የሚያንከባልለው ግንድም ሰው ይገድላል።

ዘንድሮ ግንቦት ሲገባ ሠንጠረዡን ይክፈቱ፤ ውሃው ዝቅ ከሚልበት ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ።