ዘይቱ ከኮፓው ሥር ሲሸሽ

በምሥራቅ ሱዳን ወድ ኤል ሒለው አካባቢ መኪና የሚፈተነው በዋልካ ጭቃ ብቻ አይደለም። በበጋ የሰቲት ወንዝ ዳር ኾሮች (የክረምት ጅረቶች) ይደርቁና ገደላቸው ይቀራል። ሰሊጥ የጫነ ፒክአፕ አፍንጫውን ደፍቶ ሲወርድ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የዘይት ጣሳ ቀይ ብልጭ ትላለች፤ መኪናው ሜዳ ሲይዝ ትጠፋለች። ሾፌሩ «ሽቦ ነው» ብሎ ያልፋታል። ሽቦ ላይሆን ይችላል፤ ዘይቱ ሸሽቶ ይሆናል።

በተራ ሞተር ዘይቱ የሚተኛው ከሥር፣ ኮፓው ውስጥ ነው። መምጠጫው ቱቦ አፉን ወደ ወለሉ አስጠግቶ ይቀመጣል፤ ፖምፓው ዘይቱን ስቦ በፊልትሮ አሳልፎ ወደ ብሮንዚናዎቹ ይገፋዋል። ክራንክ ሻፍቱና ብሮንዚናው እንዳይነካኩ የሚያደርገው በመካከላቸው ያለው ከፀጉር የቀጠነ ዘይት ብቻ ነው። ቱቦው በዘይት ፋንታ አየር ሲስብ ያ ስስ ዘይት ይበጠሳል። ይህ ከተደጋገመ ቢዬላ መምታቱ አይቀርም።

የውድድር መኪና ገደል አያስፈልገውም፣ መታጠፊያ ይበቃዋል። በኩርባ ላይ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ከምድር ስበት ጋር ሲተካከል ዘይቱ 45 ዲግሪ ይጋደማል፤ ጥሩ ጎማ ያለው መኪና ደግሞ እዚያ ይደርሳል። ፍሬን ሲያዝ ዘይቱ ወደ ፊት፣ ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ኋላ ይሮጣል።

ለዚህ መፍትሔው ድራይ ሳምፕ የሚባለው ዘዴ ነው፤ ዘይቱን ኮፓው ውስጥ አያስተኛውም። መጣጭ ፖምፓዎች የወደቀውን ዘይት ከነአየሩ ወዲያው ስበው ለብቻው ወደ ቆመ ታንከር ይልኩታል። ዘይቱ በታንከሩ ግድግዳ ዙሪያ እየተሽከረከረ ሲወርድ አየሩ ይለያል፤ ሌላ ፖምፓ ደግሞ ከሥሩ ይቀዳና ወደ ሞተሩ ይገፋል። ሻይ ትሪ ላይ ቢፈስ ትንሽ ማጋደል አንድ ጥግ ይሰበስበዋል፤ ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ያለ ሻይ ግን ቢጋደልም ሥሩ አይደርቅም። ታንከሩ ረጅምና ቀጭን የሆነው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ጥልቅ ኮፓ ስለማያስፈልግ ሞተሩ ዝቅ ብሎ ይታሰራል፤ ክራንክ ሻፍቱም ዘይት ሲንጥ ጉልበት አያባክንም።

ነገሩ ለአገራችን ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያበረራት ሲ-47 አውሮፕላን የዘይት ታንከሮቿ ከሞተሮቿ የተለዩ ነበሩ። ሲሊንደሮቹ በክብ ተደርድረው ከፊሎቹ ወደ ታች ስለሚንጠለጠሉ ኮፓ የሚታሰርበት ቦታ የላቸውም። ያማሃ ኤክስ ቲ 500 ሞተር ሳይክል ዘይቱን በሻንሲው ብረት ውስጥ ይይዛል። ፖርሽ 911ም በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር እስከተጫነለት ጊዜ ድረስ በዚሁ ዘዴ ሠርቷል።

እንግዲህ ምን እንምረጥ? ለፒክአፕና ለትራክተር ምንም። የዘይቱን ልክ መጠበቅ፣ የተጨራመተ ኮፓ ማቃናት፣ ቢብስ ኮፓው ውስጥ ገዳቢ ቆርቆሮ ማስበየድ ይበቃል። «ልጨምርለት» ብሎ ከልክ በላይ መሙላት ግን ክራንክ ሻፍቱ ዘይቱን እንዲመታውና አረፋ እንዲያደርገው መጋበዝ ነው።

ለእሽቅድምድም የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የመጣጮቹን ብዛት ይይ። ለአንድ ገፊ ፖምፓ ቢያንስ ሁለት መጣጭ ያስፈልጋል፤ ለቪ 8 ደግሞ ሦስት አራት ማድረግ የተለመደ ነው። የሚስቡት አረፋ ስለሆነ አቅማቸው ከገፊው በደንብ መብለጥ አለበት። ታንከሩን ኮፈኑ ሥር ለማስገባት ብሎ ማሳጠር የገዙትን ነገር መጣል ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ቺንጋው ነው። ፖምፓው ውጭ ታስሮ በጥርሳም ቺንጋ ሲዞር፣ ቺንጋው በጠጠር ከተበጠሰ የዘይት ግፊቱ ያኔውኑ ዜሮ ይገባል። በገዳሪፍ አቧራና ጠጠር መከለያ ቆርቆሮና ሾፌሩ ዓይን ውስጥ የሚገባ ትልቅ የማስጠንቀቂያ መብራት የግድ ናቸው።

የዘይት ልክ አለካኩም ይለያል። መኪናው ካደረ ከታንከሩ የተወሰነው ዘይት ወደ ሞተሩ ሊወርድ ስለሚችል ጠዋት ቢለኩት የጎደለ ይመስላል። በዚያ ላይ የጨመረ ሰው ሞተሩ ሲነሳ ትርፉን በታንከሩ መተንፈሻ ሲተፋ ያየዋል። ልኩ የሚታየው ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ነው። አዲስ የተገጠመ እንደሆነ ደግሞ ቺንጋው ከመታሰሩ በፊት ፖምፓውን በድሪል እያዞሩ የግፊቱ ጌጅ እስኪነሳ መጠበቅ ነው።