ከወርቅ ቤቱ መስታወት ፊት የምንነሳው ፎቶ

አቡዳቢ ኖሮ መዲናት ዛይድን የማያውቅ አበሻ ጥቂት ነው። የገበያ ማዕከሉና የወርቅ ገበያው እዚያ ናቸው። በእረፍት ቀን ጎራ ያለ ሰው፣ ሌላው ገበያተኛ ወርቁን ሲመለከት እህቶቻችን ጀርባቸውን ለወርቁ ሰጥተው ስልካቸውን ሲመለከቱ ያያል። ከኋላ የሙሽራ ጌጥ የተደረደረበት መስታወት፣ ከፊት የተተኮሰ ፀጉርና ለዕለቱ የተለበሰ ቀሚስ። ታክሲ ሳይያዝ ፎቶው ወሎ ወይም ጅማ ደርሷል።

ስድስት ቀን በሰው ቤት ደፋ ቀና ያለች ሴት በሰባተኛው ቀን አምሮባት መታየት ብትፈልግ የሚያስወቅስ ነገር የለውም። እኔም እነሳለሁ። የሚያሳስበኝ ፎቶው አገር ቤት ከደረሰ በኋላ የሚያመጣው ጣጣ ነው።

ከእኛ በፊት አረብ አገር የመጡት ታላላቆቻችን ድምፃቸውን ካሴት ላይ ቀድተው ወደ አገር ለሚገባ ሰው ይሰጡ ነበር። እኛ ስንመጣ ደግሞ የስልክ ካርድ ነበር። ቁጥሩን በሳንቲም ፍቀን፣ ያንን ረጅም ቁጥር መትተን፣ መስመሩ እስኪገባ ልባችን እየመታ እንጠብቃለን። ደቂቃው ስለሚቆጥር የምንለው አጭር ነበር፦ «ደህና ነኝ፣ ብሩን ልኬያለሁ፣ እማዬ መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ።» ቤተሰብ ስለ እኛ ኑሮ የሚያውቀው ከድምፃችን ነበር። እናት የልጇን ድምፅ ሰምታ «ምነው፣ አሞሻል እንዴ?» ትላለች። ብንክድም አታምንም።

ዛሬ ኢሞ፣ ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ አለ። በዚህ አገር የዋትስአፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ ስለማይሠራ ብዙዎቻችን ፈቃድ ባለው ቦቲም እንደውላለን። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ቴሌብር ከጀመረ ወዲህ ደግሞ አገር ቤት ገንዘቡም ወደ ስልክ ገብቷል። ይህ ሁሉ በረከት ነው። ልጇን አራት ዓመት ያላቀፈች እናት የልጇን የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ቀን በስልክ ማየት መቻሏ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ሳናስተውለው አንድ ነገር ተለወጠ። በድምፅ መነጋገሩ እየቀነሰ በፎቶ መተያየቱ በዛ። ድምፅ ድካምን አይደብቅም፤ ፎቶ ግን ይደብቃል።

የባጃጁ ጥያቄ

አል ዐይን የምትሠራ አንዲት ጓደኛዬ ያጋጠማት ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው። ደመወዟ 1,000 ዲርሃም ነው። ከዚያ ላይ ለእናቷ ትልካለች፣ ዕቁብ ትጥላለች፣ ለራሷ ሳሙናና ካርድ ትገዛለች። አንድ ቀን ወንድሟ ደውሎ ባጃጅ እንድትገዛለት ጠየቃት። የለኝም ስትለው ተቆጣ። «ያን ሁሉ ወርቅ ከኋላሽ አድርገሽ ፎቶ ተነስተሽ የለ እንዴ?» አላት። በዚያው ሰሞን አሥራ አንደኛ ክፍል ያለችው ታናሽ እህቷ ትምህርቷን ትታ ለመምጣት ደላላ ማነጋገር ጀምራ ነበር። ለደላላው ከነገረችው ምክንያት አንዱ የእህቷ ቲክቶክ ነው።

ጓደኛዬ ሁለት ቀን ስታለቅስ ከረመች። በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ሥራ ጨርሳ ክፍሏ ስትገባ፣ ለቤተሰቡ ግሩፕ የድምፅ መልእክት ላከች። ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ የዋለችበትን አንድ በአንድ ተናገረች፦ የልጆቹን ቁርስ፣ የደረጃውን እጥበት፣ የእንግዳውን ምሳ፣ የብረት ካውያውን ክምር። ከዚያ ደመወዟን ጠቅሳ ወጪዋን ዘረዘረች። መጨረሻ ላይ «ወርቁ የሱቁ ነው፣ ቀሚሱ የእኔ ነው» አለች።

ወንድሟ ሁለት ሳምንት ዝም አለ። ከዚያ ደወለ፤ ስለ ባጃጅ አላነሳም፣ «እጅሽን ያምሻል?» ብሎ ጠየቃት። ታናሿ እስካሁን አልመጣችም። ሐሳቧን ጨርሳ ትታዋለች ለማለት ግን ጓደኛዬም አትደፍርም።

ኢንተርኔቱ ሲጠፋ

ድምፅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያየነው ኔትወርክ ሲቋረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ትግራይ ጦርነት ሲጀመር ስልኩም ኢንተርኔቱም ጠፋ፤ ቤተሰባቸው እዚያ የሆነ እህቶች በሕይወት ስለመኖራቸው እንኳ የሚሰሙት ሳያገኙ ረጅም ጊዜ ቆዩ። በፌብሩዋሪ 2023 ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም በኢትዮጵያ ለወራት ተገደቡ። በኦገስት 2023 ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ያኔ ብዙዎቻችን ወደ ተራው የስልክ ጥሪ ተመለስን። ውድ ነው፣ ይቆራረጣል፣ ግን «ሁላችንም አለን» የሚለው ቃል ከየትኛውም ቪዲዮ በላይ ነበር። ስለዚህ የእናታችሁን ብቻ ሳይሆን ኢንተርኔት የሌለውን የጎረቤቷንም ስልክ ቁጥር ያዙ።

ካሜራው የሚያመጣው መዘዝ

በአሠሪ ቤት ውስጥ ቪዲዮ መቅረጽ ሌላ ጉዳይ ነው። ልጁ ደስ ይላል፣ ሳሎኑ ያምራል፣ እናነሳና ቲክቶክ ላይ እንለቀዋለን። በኤምሬትስ ግን ያለ ፈቃድ የሰውን ፎቶ ማንሳትና ማሰራጨት ወንጀል ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሳይበር ወንጀል ሕግ፣ ቁጥር 34/2021፣ የሌላውን ግላዊነት ለሚጥስ ከ6 ወር የማያንስ እስራት፣ ከ150,000 እስከ 500,000 ዲርሃም የሚደርስ ቅጣት ወይም ሁለቱንም ያስቀምጣል። ይህን ገንዘብ በ1,000 ዲርሃም ደመወዝ አስሉት። ማዳም ራሷ «ልጁን አንሺው» ብትል እንኳ ፎቶው ለእሷ የሚላክ እንጂ የሚለጠፍ አይደለም።

የታመመች እህታችንን ለመርዳት ላይቭ ገብቶ ገንዘብ ማሰባሰብም እንዲሁ ነው። ልቡ ደግ ነው፤ በዚህ አገር ግን መዋጮ ማሰባሰብ የሚችለው ፈቃድ ያለው ድርጅት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ከባንክ፣ ከፖሊስ ወይም ከቴሌ ነኝ ብሎ የሚደውል ሰው ነው። ስልካችሁ ላይ የሚገባውን ሚስጥር ቁጥር ከጠየቀ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ስልኩን ዝጉት። አማርኛ አጥርቶ መናገሩ እውነተኛነቱን አያሳይም። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ በአቡዳቢ ፖሊስ የአማን መስመር 8002626 መጠቆም ትችላላችሁ።

ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ

ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ አንዳንድ ቤት ደግሞ ይወሰዳል። ስልኩ ሲሄድ በውስጡ ያለው ዓለማችን ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ የእናቷን ቁጥር በቃሏ የማታውቅ ስንት አለች! እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 15 ቀን 2022 ጀምሮ የሚሠራው የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 9/2022፣ በሳምንት አንድ የእረፍት ቀን፣ በቀን 12 ሰዓት እረፍት (ከዚህ ውስጥ 8ቱ ሰዓት ሳይቆራረጥ) ይሰጣል፤ ፓስፖርታችሁንና መታወቂያችሁንም ራሳችሁ እንድትይዙ ይፈቅዳል። ይህ ሲጣስ ለሠራተኛ ሚኒስቴር የምክርና አቤቱታ መስመር 80084 ይደወላል፤ ሕይወትን የሚያሰጋ ነገር ሲመጣ ደግሞ 999።

እነዚህን ቁጥሮች፣ የእናታችሁን፣ የአንዲት ታማኝ ጓደኛችሁን ስልክ በትንሽ ወረቀት ጻፉና ከልብሳችሁ መሃል አስቀምጡ። የፓስፖርታችሁንና የኮንትራታችሁን ፎቶ ለአገር ቤት ሰው ላኩ። በዚህ ሳምንት የእረፍት ቀናችሁም ፎቶውን ተነሱ፣ አምሮባችሁ ታዩ፤ ከመለጠፋችሁ በፊት ግን ለእናታችሁ ደውሉና ሳምንቱ እንዴት እንደነበር ንገሯት።