የወረዳውን መዝገብ ማየት ለሚሻ

ወረዳ ላይ ጉዳይ ያለው ሰው ቶሎ የሚቀርብለት ጥያቄ «ውስጥ የምታውቀው ሰው አለ?» የሚል ነው። የሰፈሩ የኮብልስቶን ሥራ በስንት ብር እንደተሰጠ ለማየትም ሆነ ስለ አካባቢው የተወሰነበትን ቃለ ጉባኤ ለማግኘት፣ መንገዱ በዘመድ በኩል ብቻ እንደሆነ ብዙዎች ያምናሉ። ዘመድ የሌለውስ? ለእሱ የወጣ ሕግ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ በአንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት መብትን ያስቀምጣል። አዋጁ ይህን መብት በየቢሮው በር ላይ ሊጠየቅ የሚችል ነገር አደረገው። የሚመለከተው ሚኒስቴሮችን ብቻ አይደለም፤ በየትኛውም እርከን ያለ መንግሥታዊ አካል፣ ወረዳውም ጭምር፣ ግዴታ አለበት። ጠያቂውም «ማንኛውም ሰው» ነው፤ ጋዜጠኛ ወይም ጠበቃ መሆን አያስፈልገውም። ሰነዱን ማየት፣ ማስታወሻ መያዝ፣ ግልባጭ መውሰድ ይችላል። ለቅጂው ወጪ ሊከፍል ይችላል።

ጥያቄው የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው። በቃልም በጽሑፍም ይቻላል፤ በቃል ሲቀርብ ኃላፊው ራሱ በጽሑፍ ያሰፍረዋል። የእኔ ምክር ግን በጽሑፍ ይሁን ነው። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ መዝገብ ቤት ይገባል፣ ሌላው የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ተደርጎበት በጠያቂው እጅ ይቀራል። ሕጉ ለመልስ የሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ያ ማኅተም ከሌለ ግን ቀኑ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ማስረዳት ይከብዳል።

የደብዳቤው ይዘትም ያው ትኩረት ይፈልጋል። «ስለ መንገዱ መረጃ ይሰጠኝ» የሚል ጥያቄ ማንንም ወደ መደርደሪያ አይመራም። «በ2015 በጀት ዓመት ለሰፈራችን የውስጥ ለውስጥ መንገድ የተፈረመው ውልና ክፍያ የተፈጸመበት ሰነድ» ሲባል ግን የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የትኛውን ፋይል እንደሚያወጣ ያውቃል።

ሁሉም ነገር አይሰጥም፤ ባይሰጥም ተገቢ ነው። የጎረቤት የሕክምና መረጃ፣ የነጋዴ የንግድ ምስጢር፣ በምርመራ ላይ ያለ የወንጀል ጉዳይ፣ የመከላከያና የደኅንነት ምስጢር ጥበቃ አላቸው። ሆኖም የሕዝብ ጥቅም ሚዛን ከደፋ የተከለከለውም ሊገለጥ እንደሚችል አዋጁ ይደነግጋል።

ከአዋጁ ሁሉ እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለእምቢታው ሥርዓት ነው። የሚከለክል ኃላፊ ምክንያቱን ጠቅሶ በጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት። «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»፣ «ፋይሉ ጠፍቷል»፣ «ነገ ተመለስ» የሚሉት የቃል መልሶች የሕጉን መስፈርት አያሟሉም። ባለጉዳዩን ለወራት የሚያመላልሱት ግን እነዚሁ ናቸውና፣ የተጻፈ እምቢታ መጠየቅ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። የተጻፈ ነገር ይግባኝ ይባልበታል፦ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ለተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት። እንባ ጠባቂ አቤቱታ ለመቀበል ገንዘብ አያስከፍልም፤ ከአዲስ አበባ ውጪም በክልል ከተሞች ቅርንጫፎች አሉት።

ምንም ደብዳቤ የማያሻቸው ሰነዶችም አሉ። የፌዴራል ሕጎች በነጋሪት ጋዜጣ ታትመው ይወጣሉ። የወረዳ በጀት በሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ የተጀመረው አሠራርም ነዋሪው ለጤና፣ ለትምህርትና ለመንገድ የተመደበውን ቆሞ እንዲያነብ ታስቦ ነው፤ ሰሌዳው ባዶ ከሆነ ወይም የአምና ወረቀት ከተለጠፈበት የዘንድሮውን መጠየቅ ይቻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የአዋጅ ቁጥር 590/2000ን የፕሬስ ድንጋጌዎች ተክቷል፤ መረጃ የማግኘት መብትን የያዘው ክፍል ግን አልተሻረም። «ያ አዋጅ ቀርቷል» ብሎ የሚመልስ ሠራተኛ ካጋጠመ፣ ይህንኑ ቃል በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅና ይዞ ወደ ይግባኝ መሄድ ነው።