በምትና በምት መካከል

በደቂቃ 60 ጊዜ የሚመታ ጤናማ ልብ በየሰከንዱ ልክ አንዴ አይመታም፤ አንዱ ክፍተት 950 ሚሊሰከንድ ሲሆን ቀጣዩ 1,040 ሊሆን ይችላል። አየር ሲገባ ምቱ ይፈጥናል፤ ሲወጣ ይዘገያል። ጀርመናዊው ካርል ሉድቪግ ይህን እ.ኤ.አ. በ1847 በውሾች ላይ መዝግቦታል።

ሐኪሞች ነገሩን አጥብቀው የያዙት ግን ዘግይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ክሌይገርና ባልደረቦቹ ከኸርት አታክ የተረፉ 808 ሰዎችን የ24 ሰዓት የልብ ቅጂ መርምረው፣ የምታቸው ክፍተት መለዋወጥ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች የሆነባቸው ሰዎች የመሞት ዕድላቸው ከ100 በላይ ከሆነባቸው ጋር ሲነጻጸር 5.3 እጥፍ እንደሆነ አሳዩ።

ይህን መለዋወጥ ለመለካት በብዛት የሚሠራባቸው ስሌቶች ሦስት ናቸው። ኤስዲኤንኤን ክፍተቶቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚርቁ ይለካል። አርኤምኤስኤስዲ እያንዳንዱን ክፍተት ከቀጣዩ ጋር ያስተያያል። አፕል ዋች የመጀመሪያውን፣ የኦውራ ቀለበት ሁለተኛውን ስለሚያሳዩ፣ ሁለት ጓደኛሞች ቁጥራቸውን አስተያይተው «የኔ ይበልጣል» ቢባባሉ ኪሎን ከሜትር ማወዳደር ነው።

ሦስተኛው መለዋወጡን በድግግሞሽ ይከፍለዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ባለሙያዎች ያወጡት መመሪያ ከ0.04 እስከ 0.15 ኸርዝ ያለውን ዝቅተኛ፣ ከ0.15 እስከ 0.4 ያለውን ከፍተኛ ክልል ብሎታል። ዝቅተኛው ለከፍተኛው ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር «የጭንቀት ሚዛን» አድርጎ የሚያቀርብ አይጠፋም። ጥፋቱ እዚህ ጋ ነው።

በደቂቃ 15 ጊዜ የሚተነፍስ ሰው የትንፋሹ ድግግሞሽ 0.25 ኸርዝ ስለሆነ ከፍተኛው ክልል ውስጥ ያርፋል። ያው ሰው ተረጋግቶ ትንፋሹን ወደ 6 ሲያወርድ ግን 0.1 ኸርዝ ይሆንና፣ ትንፋሹ የሚፈጥረው መለዋወጥ ወደ ዝቅተኛው ክልል ይሻገራል። ልብን የሚያረጋጋው ቬገስ ነርቭ ሥራውን አላቆመም፤ የተቆጠረበት ክልል ብቻ ተለወጠ። ሚዛኑ ግን ዝቅተኛው ስለጨመረ ብቻ በእርጋታ ቁጭ ያለውን ሰው «ተጨንቀሃል» ይለዋል! ዝቅተኛው ክልል በዚያ ላይ የደም ግፊትን የሚያስተካክለውን ምላሽ ጭምር ይዟል። አሜሪካዊው ዱዌን ኤክበርግ ይህን ሚዛን እ.ኤ.አ. በ1997 አጥብቆ ተችቶታል። ትንፋሽን ሳይመዘግቡ በሚዛኑ የሚፈርዱ ሰዎች ግን ዛሬም አሉ።

ቅጂውን ከስህተት ሳያጸዱ ማስላትም ሌላ ጥፋት ነው። በደቂቃ 60 ምት በሆነ የአምስት ደቂቃ ቅጂ መሣሪያው አንዲት ምት ቢስት፣ 30 ሚሊሰከንድ የነበረው አርኤምኤስኤስዲ ወደ 87 ገደማ ይዘልላል። ልቡ አልተሻለውም፤ ቅጂው ተበላሸ እንጂ።

ቁጥሩን የሚከታተል ሰው የትኛው ስሌት እንደሆነ አስቀድሞ ይወቅ፤ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓትና በአንድ አቀማመጥ ይለካ፤ የሚያነጻጽረውም ከሌላ ሰው ሳይሆን ከራሱ ካለፉት ሳምንታት ቁጥር ጋር ይሁን።